የሰባት ጨዋታ ዋና አሰልጣኝ

ችካሉ የሚለው ስም የወጣለት በአንድ ዝናባማ ቅዳሜ ነው። ያን ጊዜ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ ለስሚንቶ ፋብሪካው ቡድን በግራ መስመር ተከላካይነት መሰለፍ ከጀመረም ጥቂት ጊዜው ነበር። የተጋጣሚው ቡድን የክንፍ አጥቂ ስሙ የገነነ፣ እግሩ ከመፍጠኑ የተነሳ ስንቱን ተከላካይ ጉድ የሠራ ሰው ነው። ያን ቀን ግን በቀኝ ቢመጣ፣ በግራ ቢመጣ፣ ቢያታልል፣ ቢያስመስል፣ ይሄ ቀጭን ልጅ ንቅንቅ አልል አለው። ከአጥሩ ሥር ዣንጥላ ይዞ የቆመ አንድ ፀጉር አስተካካይ በመጨረሻ አላስችል ብሎት፣ «ኧረ ይሄ ልጅ ሰው ነው ወይስ ችካል?» ብሎ ጮኸ። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቱ ካወጣችለት ስም ይልቅ ይሄኛው ጸና። ኋላ ያገባት ሚስቱ እንኳ በእውነተኛ ስሙ የምትጠራው ስትናደድበት ብቻ ነው።

ሜዳው ከፋብሪካው ጀርባ ነበር። ነፋሱ ወደዚያ የዞረ ዕለት ሣሩ ላይ አመድ የመሰለ ብናኝ ይጋገርና ተጫዋቾቹ ወፍጮ ቤት የዋሉ ይመስላሉ። እንግዳ ቡድን ሲመጣ ሳል በሳል ይሆናል፤ ባለሜዳዎቹ ደግሞ በሆዳቸው ይስቃሉ። መልበሻ ክፍሉ ድሮ የጆንያ መጋዘን የነበረ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ነው። ከመታጠቢያዎቹ ሙቅ ውሃ የምትሰጠው አንዷ ቧንቧ ብቻ ስለሆነች ነባሮቹ ተጫዋቾች ያለ ተቀናቃኝ ይይዟታል። ችካሉ አምበል ሆኖ ተራው ሲደርስ ግን ቧንቧዋን ለበረኛው ለቀቀለት። በረኛው በዕድሜ ከሱ ብዙ የሚያንስ፣ ከታዳጊ ቡድኑ ያደገ ዝምተኛ ልጅ ነበር።

«ምነው? ያንተ እኮ ናት» ሲሉት፣

«እኛ ስንሮጥ እንውላለን፤ እሱ ቆሞ ነው የሚበርደው» አለ።

በሃያ አምስት ዓመቱ ከዋናው ከተማ አንድ ትልቅ ቡድን ፈለገው። ያን ጊዜ እጮኛው የነበረችው ልብስ ሰፊ ወሬውን ስትሰማ የስፌት መኪናዋን ሳይቀር በካርቶን አሸገች። ትልቅ ከተማ ማለት ለሷ ሰፊ የስፌት ቤት፣ ቀሚስ ሊያሰፉ ደጅ የሚጠኑ ሙሽሮች ማለት ነበር። እሱ የክለቡን ሥራ አስኪያጅ ሊሰናበት ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ።

«ምን አሉህ?» አለችው።

«ምንም። ሻይ አዘዙልኝ። ‹ይሄ እኮ ቤትህ ነው፤ ከቤትህ ወጥተህ ወዴት ትሄዳለህ?› አሉኝ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ሻዬን ጠጣሁ።»

«እና?»

ካርቶኖቹን አየና መሬት መሬት እያየ፣ «እዚህ ያውቁኛል» አላት።

አላኮረፈችም፤ አልጮኸችም። መቀሷን አንስታ የመጀመሪያውን ካርቶን ማሰሪያ ቆረጠች። በዚያው ዓመት ተጋቡ፤ በሁለተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለዱ። ነገሩ ተረሳ ማለት ግን አይደለም። አንዳንድ ቀን፣ በተለይ ጉልበቱን አሳብጦ ሲመጣና እግሩን በርጩማ ላይ ስትሰቅልለት፣ «እንዴት ነው፣ ዛሬም አወቁህ?» ትለው ነበር።

ጉልበቱ የለየለት በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ማንም አልነካውም። ኳስ ሊያወጣ ሲዞር አንዳች ነገር እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለና ወደቀ። የቡድኑ ወጌሻ ሮጦ ደርሶ ጉልበቱን በእጁ ሲዳስስ ፊቱ ጠቆረ። ይሄ ወጌሻ እጀ ሰፊ፣ ሁልጊዜ ቅባት ቅባት የሚሸት፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው፤ የችካሉ የልብ ጓደኛ። ያን ቀን ግን አልቀለደም። «ዓይንህን ጨፍን» አለው። ዓይኑን ጨፍኖ እያለ ነው በቃሬዛ ያወጡት፤ ከዚያ ወዲያ በማልያ ወደ ሜዳ አልገባም።

ክለቡ ሜዳ አልጣለውም። ረዳት አሰልጣኝ አደረጉት። ረዳት አሰልጣኝ ይባል እንጂ ሥራው ወሰን የለውም፤ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ የልምምድ ኮን ይደረድራል፣ ኳስ ይነፋል፣ የታመመውን ሐኪም ቤት ያደርሳል፣ ከሚስቱ የተጣላውን ያስታርቃል፣ አልነሳም ያለውን ከአልጋው ይጎትታል። አሰልጣኞች መጡ፤ አሰልጣኞች ሄዱ። አንዱ ዳገት አምላኪ ነበር፤ ተጫዋቾቹን ድንጋይ ካባው ላይ ሽቅብ ሲያስሮጥ ይውልና ቅዳሜ ለጨዋታ የሚተርፍ እግር አይገኝም። ሌላው ሰሌዳ ላይ ቀስት ሲስል የትኛው ቀስት የማን እንደሆነ ሰው ሁሉ ይጠፋበታል፤ ችካሉ ኋላ ቆይቶ በሹክሹክታ ይተረጉምላቸዋል። አንደኛው ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር። ከቋንቋችን «ቀስ በቀስ» የምትለዋን ብቻ ለምዶ፣ ጎል ሲያገባም ሲገባበትም «ቀስ በቀስ» ይላል። ተሰናብቶ ሲሄድ እስከ አውቶቡስ ጣቢያ ሻንጣውን የተሸከመለት ችካሉ ነው።

በአንዱ አሰልጣኝ መሄድና በሌላው መምጣት መካከል ባለው ጊዜ ቡድኑን የሚይዘው እሱ ነበር። «ጊዜያዊ አሰልጣኝ» ይሉታል። ወጌሻው ግን «ስኮርታ ጎማ» ነው የሚለው።

«ጎማ ሲፈነዳ ያወጡሃል፤ የተጠገነ እንደሆነ መልሰው ኋላ ይከቱሃል» ይለዋል እየሳቀ።

«ስኮርታ የሌለው መኪና ሩቅ መንገድ አይወጣም» ይላል ችካሉም፣ ሳይከፋው።

አንድ ጊዜማ ጊዜያዊ ሆኖ በተከታታይ አሸንፎ ቡድኑን ከታች ወደ መሀል አወጣው። የክለቡ ኮሚቴ ሰዎች ተጫዋቾቹን ሰበሰቡ፣ አመሰገኑት፣ አስጨበጨቡለት፤ ቀጥለውም በዚያው ስብሰባ ላይ በሩን ከፍተው አዲሱን ዋና አሰልጣኝ አስገቡ። ከሁሉም አስቀድሞ ለእንግዳው ያጨበጨበው ራሱ ችካሉ ነበር። ማታ ለሚስቱ ሲነግራት እሷ ክር በመርፌ ቀዳዳ ልታስገባ ዓይኗን አጥብባ ነበር፤ ክሩን ትታ አየችው።

«አጨበጨብክ?»

«ሰው ፊት ምን ላድርግ?»

«አይ አንተ! እጅህ እንዴት እሺ አለህ?»

እንዲህ እንዲህ እያለ ሃምሳን አለፈ። ፀጉሩ ሸሸ፤ ልጁ አድጋ የነርስነት ትምህርት ጀመረች። በዚያው ሰሞን ፋብሪካው ባለቤት ለወጠ። አዲሶቹ ባለቤቶች ኳስ አይወዱም የሚል ወሬ ነበር፤ ወሬውን ያመነ ግን አልነበረም፤ ፋብሪካ ያለ ቡድኑ፣ ቡድኑም ያለ ፋብሪካው ታይቶ አያውቅማ። በክረምቱ ዋናው አጥቂ ተሸጠ። ቀጥሎ አማካዩ ተሸጠ። በምትካቸው ማንም አልመጣም። ቡድኑ እየተንከባለለ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ገባ፤ አንድ ማለዳም ዋናው አሰልጣኝ ለልምምድ ሳይመጣ ቀረ። ስልኩም ዝግ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ችካሉን ቢሮው አስጠራው። ሰውየው ድሮ ከዝውውር ያስቀረው ያው ሰው ነው፤ ሸምግሏል እንጂ አነጋገሩ አልተለወጠም። ሻይ አዘዘለት።

«ከእንግዲህ ጊዜያዊ የሚባል ነገር የለም፤ ዋና አሰልጣኝ ነህ» አለው። «ቤቱ ያንተ ነው፤ ካንተ ሌላ ማን ያድነዋል?»

ሰባት ጨዋታ ቀርቷል፤ ቡድኑ ከመጨረሻው ሁለተኛ ነው። ችካሉ ይሄን ከማንም በላይ ያውቃል። ሌላ ሰው ቢሆን ተጫዋች አምጡልኝ ይል ነበር፤ ቢያንስ አንድ ቀን ላስብበት ይል ነበር። እሱ ከመቀመጫው ተነስቶ በሁለት እጁ የሥራ አስኪያጁን እጅ ጨበጠና «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ የደንበኛ ሱሪ እያሳጠረች ነበር። ነገራት። የመኪናዋን ፔዳል ለቀቀችው።

«ይሄን ሁሉ ዘመን በላይህ ላይ ሰው ሲያሻግሩ ኖረው ዛሬ ትዝ አልካቸው? ቤቱ እሳት ከያዘው በኋላ ነው ቁልፉን የሚሰጡህ?»

«ሰጡኝ እኮ» አለ።

ፊቱን አየች። የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው እንደ ልጅ ፈገግ ብሏል፤ ፈገግታውን ሊደብቅ ቢሞክርም ከንፈሩ እሺ አላለውም። ልትለው ያሰበችውን ሁሉ ዋጠችና ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ፣ «ና ቁም፣ ትከሻህን ልለካው» አለችው። ለሌላ ሰው ካስቀመጠችው ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ኮት ሰፋችለት። ዋና አሰልጣኝ በቱታ አይቆምም ብላ።

በመጀመሪያው ጨዋታ ከሜዳቸው ውጭ አቻ ወጡ። በሁለተኛው በሜዳቸው አሸነፉ። ያን ዕለት ደጋፊው ስሙን እየጠራ ዘፈነ። ድሮ ችካል ብሎ የሰየመው ፀጉር አስተካካይ አሁን ሽማግሌ ሆኗል፤ በማግስቱ ሱቁ ውስጥ ወረፋ የያዘውን ሁሉ አስቁሞ እሱን አስቀድሞ አስተካከለው። «እናንተ ጠብቁ፤ የዚህ ሰውዬ ራስ ሥራ አለበት» አለ። ችካሉ መስታወቱ ውስጥ ራሱን በኮት አየ። ምናልባት፣ ምናልባት ብሎ አሰበ።

ደስታዋ ያችው ናት። በሦስተኛው ጨዋታ የተከላካዩ አምድ የሆነው ልጅ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ተሸነፉ። በአራተኛው ተሸነፉ። በአምስተኛው መርተው ቆይተው ባለቀ ሰዓት አቻ ሆኑ። ከዚያ ሊጠግን የሚሮጥበት ቀዳዳ በዛ፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ገና ድምፃቸው ያልጎረነነ የታዳጊ ቡድን ልጆች ናቸው። ስድስተኛውን ሊጫወቱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ወጌሻው ማሻሻ ክፍሉ ውስጥ ለብቻው ያዘውና በሩን ዘጋው።

«ታመምኩ በል» አለው።

«ምን?»

«ጉልበቴ ተነሳብኝ በል። ወገቤን በል። ወረቀት እኔ አጽፍልሃለሁ። ሁለቱን ጨዋታ ሌላ ሰው ይቁምበት።»

«ምን ሆነሃል አንተ? አሁን ትቼያቸው ልተኛ?»

ወጌሻው «እነሱ አንተን…» ብሎ ጀመረና ራሱ አቋረጠው። የቅባቱን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። «ተወው። ለጤናህ ብዬ ነው።»

ስድስተኛውን ተሸነፉ። የመጨረሻው ጨዋታ በሜዳቸው ሆነ። አቻ ከወጡ ይተርፋሉ፤ ከተሸነፉ ይወርዳሉ።

በዋዜማው በረኛው ወደ እሱ መጣ። ያ ሙቅ ውሃ የለቀቀለት ዝምተኛ ልጅ አሁን ጎልማሳ ሆኗል፤ እሱም እንደ ችካሉ ሌላ ክለብ አያውቅም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ዓይኑ ደክሟል፤ መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ ዘግይቶ ነው የሚያየው። በቦታው የሚሰለፈው ከሱ በጣም የሚፈጥን ወጣት ነው።

«ኮች፣ የነገው የመጨረሻዬ ነው» አለው። «ብንተርፍም ብንወርድም አቆማለሁ። ነገ እኔን አሰልፈኝ። ለምኜህ አላውቅም።»

እውነቱን ነው፣ ለምኖት አያውቅም። ችካሉ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሜዳው ዳር ብቻውን ተቀምጦ አወጣ አወረደ። ወጣቱ እንደሚሻል እሱም ያውቃል፤ ወጌሻውም ያውቃል፤ ሰው ሁሉ ያውቃል። ግን ዕድሜውን ለአንድ ማልያ የሰጠን ሰው በመጨረሻው ቀን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ራሱን ማስቀመጥ መሰለው። እኔ ያመንኩበት ነገር ለሱም ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው አለ በልቡ። በረኛውን አሰለፈው።

ሜዳው ጢም አለ። ሴት ልጁም ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋር ከደጋፊው መሀል ተቀምጣ ነበር። እስከ ሰማንያኛው ደቂቃ ድረስ ጎል የለም። ተጫዋቾቹ እየተንገዳገዱም ቢሆን ይዘውታል፤ በረኛውም ሁለት ጊዜ ጥሩ ኳስ አውጥቶ ተጨበጨበለት። ከዚያ ከርቀት አንዲት ኳስ ተመታች። ጠንካራ አልነበረችም፤ ልጅ የመታት ትመስል ነበር። እየተንከባለለች መጣች፤ በረኛው ተንበረከከላት፤ በእጁና በጉልበቱ መካከል ሾልካ፣ እንደ ፈራ ሰው ቀስ ብላ መስመሩን አለፈች።

ጩኸት ፈነዳ፤ ጩኸቱ ደግሞ ወደ በረኛው አልሄደም። አንድ ወፍራም ድምፅ ጀመረው፤ ሌላው ተቀበለው፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ በጭብጨባ ይለው ጀመር፤

«ችካል ይነቀል! ችካል ይነቀል!»

ችካሉ ኮቱን እንደ ለበሰ መስመሩ ዳር ቆሞ ሰማው። መጀመሪያ የሰሙት ጆሮዎቹ አልመሰሉትም። ወንበር ላይ ያሉት የታዳጊ ልጆች አቀርቅረዋል። ወደ ደጋፊው አልዞረም፤ ልጁ የት እንደተቀመጠች ያውቃልና ዓይኗን እንዳያገኝ ፈራ። እሷ በበኩሏ በግራና በቀኟ ሰው እያጨበጨበ አባቷ ይነቀል ሲል እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ጓደኛዋ «እንሂድ» ብትላት «አልሄድም» አለች። ፊሽካው እስኪነፋ አልተነሳችም። ቤት ገብታ ግን ያየችውን ለእናቷ ስትነግር መሀል ላይ አቆመችው።

መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ተጫዋቾቹ ጫማቸውን ይፈታሉ። በረኛው ጓንቱን ሳያወልቅ ጥግ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ችካሉ ሲመጣ ለተጫዋቾቹ የሚለው ነገር አዘጋጅቶ ነበር፤ በረኛውን ሲያይ ግን ተወው። ሄዶ በረኛው አጠገብ ተቀመጠ፤ የጓንቱን ማሰሪያ ፈታለት፤ አንዱን አወለቀለት፤ ሌላውንም አወለቀለት። በረኛው «ኮች…» አለና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ ችካሉ አይቶ አያውቅም። ትከሻውን ያዘው እንጂ አይዞህ ማለት አልቻለም፤ አይዞህ ቢል ውሸት መሰለው።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ በሬዲዮ ተናገረ። ችካሉ፣ ሚስቱና ልጃቸው ቁርስ ላይ ነበሩ።

«ውጤቱ አሳዝኖናል» ይላል ድምፁ፣ ያው ለስላሳ ድምፅ። «ለልጃችን ዕድል ሰጥተን ነበር፤ ስለምንወደው ነው የሰጠነው። ግን ዋና አሰልጣኝነት ልምድ ይጠይቃል። ጥሩ ሰው መሆንና ጥሩ አሰልጣኝ መሆን ይለያያል። የተጫዋች ምርጫውንም ሁላችሁ አይታችሁታል።»

ሚስቱ ብድግ አለች። «ልምድ! ሲያለማምዱህ ኖረው የለም እንዴ! ተጫዋቹን ሸጠው ባዶ እጅህን…» ሬዲዮውን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች።

«ተዪው» አላት። «ቀጥሎ የአየር ጠባይ ነው።»

ልጁ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ፊቱን አየችና ሳቋ ከጉሮሮዋ ተመለሰ።

ከሳምንት በኋላ ቢሮ አስጠሩት። ሻይ ታዘዘለት። ሥራ አስኪያጁ ስለ ውለታው ብዙ ተናገረ፤ ክለቡ ምንጊዜም እንደማይረሳው፣ በሩ ክፍት እንደሆነ፣ አሁን ግን ማረፍ እንዳለበት። ችካሉ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። በመንገዱ ላይ ሲያስብ የመጣው ጠንካራ ነገር ነበር፤ ተጫዋች ሸጣችሁብኝ፣ በሬዲዮ አዋረዳችሁኝ ሊል ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ወደ ረዳትነቴ ብመለስስ?»

ሥራ አስኪያጁ ሻዩን አማሰለ። «ወንድሜ፣ ስምህ እኮ ተነካ። ደጋፊው አይቀበልህም። አዲሱ አሰልጣኝም የራሱን ረዳት ይዞ ነው የሚመጣው።»

«ከታዳጊዎቹ ጋርስ? ኳስ መንፋትም ቢሆን፣ ሜዳ ማዘጋጀትም ቢሆን…»

የገዛ ድምፁ ጆሮው ውስጥ ሲገባ ደነገጠ። የለማኝ ድምፅ ነበር። ሥራ አስኪያጁም አፍሮ ወደ መስኮቱ ዞረ። ችካሉ ተነሳ፤ ኮቱን ቆለፈ፤ «እሺ፣ ደህና ይሁኑ» ብሎ ወጣ። ሻዩን አልነካውም።

ያን ቀን ማምሻውን ወጌሻው ቤቱ መጣ። ደጃፉ ላይ ባለው አግዳሚ ተቀመጡ። ሰውየው ለብዙ ጊዜ ስለ ሌላ ሌላው ሲያወራ ቆይቶ ድንገት፣

«ቀድሞ ያለቀ ነገር ነበር» አለ።

«ምኑ?»

«መውረዱ። አዲሶቹ ባለቤቶች ትልቅ ቡድን አንፈልግም ብለው ወስነው ነበር። ቡድኑ ይውረድ፣ ከዚያ በኋላ ቢፈርስም የሚጮህ አይኖርም ነው ነገሩ። ያኛው አሰልጣኝ የሸሸው ይሄን ሰምቶ ነው። የኮሚቴው ሰው ወገቡን ሳሸው ነው የነገረኝ። ደጋፊው የማይጠረጥረው ሰው እናስቀምጥ አሉ፤ አንተን አስቀመጡ።»

ችካሉ ወደ እሱ ዞረ። «ታውቅ ነበር?»

«መጨረሻ ላይ ነው የሰማሁት። ታመምኩ በል አላልኩህም?»

«ለምን እንደሆነ አልነገርከኝም።»

«ብነግርህ ትተወው ነበር?» አለ ወጌሻው። ድምፁ ውስጥ ቁጣም ልመናም ነበረበት። «በል ንገረኝ። እውነቱን ብነግርህ ትተወው ነበር?»

ችካሉ መልስ ሊሰጥ አሰበ። ያን ቢሮ፣ ያን የእጅ መጨባበጥ፣ ዋና አሰልጣኝ ነህ ያለውን ድምፅ አስታወሰ። ያኔ ደረቱ ውስጥ የተነሳውን ሙቀት አስታወሰ። አይተወውም ነበር። ሁሉን ቢያውቅም እሺ ይል ነበር፤ ምናልባት እኔ ላድነው እችል ይሆናል እያለ። ከተነገረው ሁሉ ይልቅ ወሽመጡን የቆረጠው ይሄ ነው። የሚቆጣበት ሰው አጣ። ወጌሻው መልስ ሳይጠብቅ ተነስቶ ሄደ፤ እሱም አልሸኘውም።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ወራት አንዱ ከሌላው አይለዩም። ፀጉር ቤት ገባ፤ አስተካካዩ አስቀመጠው፣ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረ፣ ሥራውን ጀመረ። ያ ለፍላፊ ሰው አንዲት ቃል አልወጣውም። መቀሱ ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል። ችካሉ ቢሰድበው ይሻለኝ ነበር እያለ ተቀመጠ። ሲጨርስ ጨርቁን አራግፎ «ቀጣይ» አለ። ከዚያ በኋላ ፀጉሩን ሚስቱ ናት በቤት የምትከረክምለት።

ሩቅ ያለ አንድ ትንሽ ቡድን ወሬውን ሰምቶ ጠራው። ሚስቱ ደስ ብሏት ሸኘችው። ሄዶ ያዛቸው፤ ልጆቹም ወደዱት። ግን ምክር በሰጣቸው ቁጥር «እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፣ እኛ ጋ እንዲህ እናደርግ ነበር» ይላል። አንድ ቀን አንዱ ተጫዋች፣ «ኮች፣ እኛ ማለት እነማን ነን?» አለው። ጓደኞቹ ሳቁ። ልጁ ለቀልድ ነው ያለው፤ ችካሉ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እያንዳንዱን ቃል ከመናገሩ በፊት የሚያገላብጥ ሰው ሆነ። በተከራየው ክፍል ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ የሚውልበት ቀን በዛ። የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ። ሚስቱ በሩን ከፍታለት «ግባ፣ ጫማህን አውልቅ» ብቻ አለችው።

አሁን የሚውለው በሷ የስፌት ክፍል ውስጥ ነው። ጨርቅ ይይዝላታል፣ ቁልፍ ይተክላል። ጣቶቹ ወፍራም ስለሆኑ መርፌው ይጠፋበታል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይወጋውና እጁን ይጠባል። ጠዋት ጠዋት ከልማዱ ጎህ ሲቀድ ይነሳል፤ ቱታውን ለብሶ ጫማውን ያስራል፤ ከዚያ የሚሄድበት ስለሌለው አልጋው ላይ ቁጭ ይላል። ሚስቱ ነቅታ እንደተኛች ሆና ትሰማዋለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ። ቁጥሩን አየ። የክለቡ ቁጥር ነበር። ሚስቱም ከፊቱ ላይ አነበበችውና መኪናዋን አቆመች።

የደወለው አዲሱ ረዳት አሰልጣኝ ነው፤ ጨዋ ልጅ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ላስቸግርዎ ነው። ከታዳጊው ያደገው የግራ መስመር ተከላካይ ያስነክሳል፤ ምን እንደሆነ አይናገርም። ድሮም ነበረበት?»

ችካሉ ተነሳ። መናገር ጀመረ፤ ሲናገር ጀርባው ቀና አለ። ልጁ የቀኝ ቁርጭምጭሚቱን ሳይናገር እንደሚያስታምም፣ ወንበር እንዳይቀመጥ እንደሚፈራ፣ አባቱ ኃይለኛ ስለሆነ ሲጮሁበት እንደሚዘጋ፣ ለብቻው ወስደው ቢጠይቁት ግን ሁሉን እንደሚናገር ነገረው። በዝናብ ቀን ሰፊ ታኬታ ስጡት አለ። ወደ ውስጥ ሲገባ ኳሱን ቀድሞ እንዲያይ፣ የአጥቂውን እግር ሳይሆን ወገቡን እንዲከተል ንገሩት አለ። በነፃ እጁ አየር ላይ ሜዳ ሣለ፤ ከጠረጴዛው እስከ መስኮቱ ተራመደ። ሚስቱ እንደዚያ ሲያወራ ከሰማችው ዓመት አልፎ ነበር።

«በጣም አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ትልቅ ነገር ነው የነገሩኝ» አለ ልጁ።

«ሌላስ… ሌላ የፈለጋችሁት ነገር አለ?» አለ ችካሉ።

«አይ፣ ለዛሬ እሷው ናት። ደህና ዋሉ።»

ስልኩ ተዘጋ። ችካሉ ጆሮው ላይ እንደያዘው ቆየ።

«ማን ነው?» አለች ሚስቱ፣ መልሱን እያወቀች።

«ክለቡ።»

«ምን አሉህ?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የጀመረውን ሸሚዝ አንስቶ መርፌውን ፈለገ፤ ጨርቁ ላይ የት እንደሰካው ጠፋበት።

«ምንም» አላት።

እሷ ጎንበስ ብላ መርፌውን ከሸሚዙ እጅጌ ላይ አገኘችለት፤ ክር አስገብታ ሰጠችውና ወደ መኪናዋ ተመለሰች።